ሁሉ ነገር አለኝ፣ ግን አልተጠቀምኩበትም

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው፣ ሪፖርት ክፍል ነው የምሰራው። ችግሬ ለሰው ሳወራው ችግር አይመስልም ምክንያቱም ምንም የጎደለብኝ ነገር የለም። መስሪያ ቤቴ የኦንላይን ኮርስ ይከፍልልኛል፣ 14 ኮርስ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩም። ኮምፒውተሬ ላይ «ይነበብ» የሚል ፎልደር አለኝ፣ 230 ፒዲኤፍ ገብቶበታል። ዓርብ ከሰዓት ለመማሪያ ተብሎ ተፈቅዶልናል፣ እኔ ኢሜይል ስመልስ ያልቅብኛል። የቀድሞ አለቃዬ ጡረታ ሲወጡ በፈለግሽ ሰዓት ደውይልኝ ብለውኝ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሆነው፣ አልደወልኩም። እስከዛሬ በየወሩ ከ12 ክፍል የሚመጣ የኤክሴል ፋይል ኮፒ ፔስት እያደረግኩ ነው አንድ ሪፖርት የማወጣው፣ ሁለት ቀን ተኩል ይፈጅብኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ኮድ መጻፍ ተምሮ ትንንሽ ሥራ ከሰው መቀበል ጀምሯል፣ እሱን ሳይ ራሴን እጠላዋለሁ። የኔ አሮጌ ላፕቶፕ ቁምሳጥን ውስጥ አለ፣ ይሄኛው ከተበላሸ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ። አሁን አንድ በጣም ጥሩ ነው የሚባል ኮርስ በራሴ ብር ልከፍል አስቤያለሁ፣ ብር ካወጣሁበት ምናልባት እማር ይሆናል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ያንን ኮርስ አትግዢው። ሌላ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን፣ ይሄን ግን ዛሬ ማታ ከፍለሽ እንዳታድሪ ብዬ ነው ያስቀደምኩት። 14 ያልተጨረሰ ኮርስ ላለው ሰው 15ኛው መድኃኒት አይሆነውም። ብር ስላወጣሁበት እማራለሁ የሚለው ነገር ቢበዛ አንድ ሳምንት ይገፋሽ ይሆናል፣ ከዛ ያው የተለመደው ይመጣል፣ አሁን ግን ባላለቀው ኮርስ ላይ የወጣው ብር ተጨምሮ ጸጸቱ እጥፍ ይሆንብሻል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ «ራሴን እጠላዋለሁ» የምትለው ጋ ስደርስ ሁሌም እቆማለሁ። እባክሽ እሷን ተያት። አንቺ እንደምታስቢው ብቸኛዋ ሰነፍ አይደለሽም። ሃርቫርድና ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 የከፈቷቸውን የመጀመሪያዎቹን 17 ነጻ የኦንላይን ኮርሶች ቆጥረው ነበር፣ ምዝገባው 841,687 ነው፣ ሰርተፍኬት የተሰጠው 43,196። ከመቶ አምስት ገደማ ማለት ነው። ከተመዘገቡት ውስጥ ደግሞ 292,852ቱ ትምህርቱን አንዴም ከፍተው አላዩትም። እርግጥ ሁሉም ሰው ሰርተፍኬት ፈልጎ አይመዘገብም፣ አንድ ነገር ብቻ አይቶ ሊወጣ የገባም ብዙ ነው፣ ቢሆንም መመዝገብና መማር ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም። እና ያ ሁሉ ሰው ሰነፍ ነው ብሎ መደምደም ይከብዳል።

እኔ የሚመስለኝ ምን መሰለሽ፣ አንድ ፒዲኤፍ ዳውንሎድ ስታደርጊ የሆነ እፎይታ ይሰማሻል አይደል? የሆነ ነገር የሰራሽ ያህል። ኮርስ ስትመዘገቢም እንደዛው ነው፣ ያን ቀን ማታ ቀለል ብሎሽ ትተኛለሽ። ጭንቀትሽ በመሰብሰብ ይበርድልሻል፣ ከበረደ በኋላ ደግሞ ከፍተሽ እንድታነቢ የሚገፋሽ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ዕቃው እየበዛ ሥራው ባለበት ይቆማል። ይሄ የጸባይ ጉድለት አይደለም፣ ያለሽ ነገር ሁሉ አንድ የሚጠራው ሥራ ስላልተገኘለት ቁጭ ብሎ ነው።

ከራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ። የስፌት መኪና አለኝ። ስገዛው አብሮት አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ነበረች፣ ውስጧ የመኪናው የተለያዩ እግሮች፣ ማለት ሲሰፋ ጨርቁን ተጭነው የሚይዙት፣ አሉ፣ አንዱ ለዚፕ፣ አንዱ ለጠርዝ፣ አንዱ ለቁልፍ ቀዳዳ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳጥኗን አልከፈትኳትም። ቀጥታ ስፌት ብቻ ነበር የምሰፋው፣ የቁልፍ ቀዳዳ ሲያስፈልገኝ በእጄ በመርፌ ዙሪያውን እይዘው ነበር፣ ለአንድ ቀዳዳ ግማሽ ሰዓት እየፈጀሁ ጣቴን እየወጋሁ። የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ድራማ 11 ቁልፍ ያለው ካፖርት ለነገ ጠዋት ያስፈልገኛል ብላ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። 11 ቀዳዳ በእጅ እስኪያልቅ እኩለ ሌሊት እንደሚያልፍ አሰብኩ፣ ያኔ ነው ሳጥኗን ያወጣሁት። ለቁልፍ ቀዳዳ የምትሆነው ረዘም ያለችዋ እግር ናት፣ ከኋላዋ ቁልፉን የምትሰኪበት ቦታ አላት፣ ቁልፉን እዛ ታስገቢዋለሽ፣ መኪናው በቁልፉ ልክ ቀዳዳውን ራሱ ዙሮ ይሰፋልሻል። የመጀመሪያዋን በቁራጭ ጨርቅ ሞክሬ አበላሸኋት፣ ክሩ ተጠቀለለ። ሁለተኛዋ ወጣች። ከአምስት ሰዓት በፊት 11ዱንም ጨርሼ ልጅቷ ለብሳው መስታወት ፊት ቆማ ነበር። ያን ቀን ማታ በድንገት ጎበዝ የሆንኩ እንዳይመስልሽ፣ ማኑዋሉም እግሯም ዘጠኝ ዓመት እዛው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፣ የተለወጠው 11 ቁልፍና ነገ ጠዋት የሚባል ነገር መምጣቱ ብቻ ነው።

ይሄ በትልልቅ ነገርም ላይ እንደዚሁ ነው። ፔኒሲሊንን ታውቂዋለሽ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሻጋታው ባክቴሪያ ሲገድል ያየው እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ነው፣ በ1929 ጽፎ አሳተመው፣ መድኃኒቱን አጣርቶ ማውጣት ግን አልሆነለትም። ከዛ ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፣ ለማንም ክፍት ሆኖ። ወደ አስር ዓመት ቆይቶ ኦክስፎርድ ላይ ኧርነስት ቼይን የሚባል ኬሚስት ከሃዋርድ ፍሎሪ ጋር ሆኖ ባክቴሪያ የሚገድሉ የተፈጥሮ ነገሮችን ላጥና ብሎ ድሮ የታተመ ሲያገላብጥ አገኘው። እሺ ሻጋታውን ከየት ላምጣ ሲል ደግሞ እዛው ራሱ የሚሰራበት ሕንፃ ውስጥ ኖሯል! ሌላ ክፍል ለሌላ ጉዳይ ብሎ ዓመታት ሲያራባው ነበር፣ አንዲት የሥራ ባልደረባ ጠርሙሱን ይዛ ኮሪደር ላይ ስታልፍ አይቷታል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እኮ ይሄ ነው። ጽሑፉም ሻጋታውም ለሁሉም እኩል ነበሩ፣ ቼይን ግን የሚፈልገውን አውቆ ነው የመጣው።

ከዛ በኋላ የሰሩትን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። ጦርነት ላይ ስለነበሩ ዕቃ የለም፣ ኖርማን ሂትሊ የሚባለው ባልደረባቸው ሻጋታውን በሆስፒታል ፖፖ ሳይቀር አሳደገው፣ አዎ የተኛ በሽተኛ የሚጸዳዳበት ፖፖ፣ ጠፍጣፋና ሰፊ ስለሆነ ተመቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 የካቲት ላይ መጀመሪያ የታከመው በሽተኛ ፖሊስ ነበር፣ በጣም ተሽሎት ነበር፣ ግን መድኃኒቱ ማለቅ ጀመረ፣ ከሰውየው ሽንት ውስጥ ፔኒሲሊኑን መልሰው እያወጡ እንደገና ወጉት። ያም አልበቃ ብሎ ሰውየው ሞተ። ይሄን የነገርኩሽ ላሳዝንሽ አይደለም፣ የሚፈልገውን ያወቀ ሰው ጠብታዋን ሁሉ እንዴት እንደሚያያት እንድታስቢ ብዬ ነው። ወንድምሽንም እስቲ በዚህ ዓይን እይው፣ ስልኩ የተሰነጠቀ ነው ግን አንድ ሰው ይሄን ሥራልኝ ብሎ እየጠበቀው ነው፣ ስለዚህ ከስልኩ የሚወጣውን ሁሉ ያወጣል። ካንቺ የበለጠ ጎበዝ ሆኖ አይደለም።

እና ያንቺ ጥያቄ የቱ ነው? እኔ ደብዳቤሽ ውስጥ አገኘሁት፣ አንቺ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰሽው አለፍሽ። 12 ፋይል፣ ሁለት ቀን ተኩል፣ በየወሩ። በዓመት 30 የሥራ ቀን ኮፒ ፔስት ማለት ነው እኮ! ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተይውና ይሄን ያዢ።

መሣሪያው ደግሞ እጅሽ ላይ ነው። ኤክሴል ከ2016ቱ ቨርዥን ጀምሮ ፓወር ኩዌሪ የሚባል ብዙ ፋይል ሰብስቦ አንድ የሚያደርግ ነገር ውስጡ አለ፣ ለብቻ አይገዛም። 12ቱን ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ታስገቢያቸዋለሽ፣ ሌላ ምንም ፋይል እዛ አይግባ። ከዛ አዲስ ኤክሴል ከፍተሽ ዳታ የሚለው ታብ ላይ ጌት ዳታ፣ ፍሮም ፋይል፣ ፍሮም ፎልደር ብለሽ ያንን ፎልደር ትመርጫለሽ፣ ኮምባይን ኤንድ ትራንስፎርም ዳታ ስትይው 12ቱንም አንድ ላይ ደራርቦ ያመጣልሻል፣ እዛው የማትፈልጊውን ኮለም አውጥተሽ ክሎዝ ኤንድ ሎድ ትያለሽ። ከሱ ላይ ፒቮት ቴብል፣ ማለት ዳታውን በየምድቡ የሚደምርልሽን ሠንጠረዥ፣ ትሰሪና ሪፖርትሽ ይወጣል። በሚቀጥለው ወር የድሮዎቹን አውጥተሽ አዲሶቹን ፋይሎች እዛው ፎልደር ውስጥ ታስገቢና ሪፍሬሽ ኦል መጫን ብቻ ነው።

እንደዚህ ስጽፈው ቀላል ይመስላል፣ መጀመሪያ ስትሞክሪ ግን ይሰናከልብሻል፣ የሚሰናከለውም በሁለት ነገር ነው፣ ቀድሜ ልንገርሽ። አንዱ የሺቱ ስም ነው፣ ፓወር ኩዌሪ አንዱን ፋይል እንደ ናሙና ወስዶ በዛ ነው ሌሎቹን የሚያነበው፣ ስለዚህ አንዱ ክፍል ሺቱን «ጥር» ሌላው «ሺት1» ብሎ ከላከ ኤረር ይሰጥሻል። ሁለተኛው የኮለም ርዕስ ነው፣ አንዱ «ድምር» ሌላው «ጠቅላላ ድምር» ካለ ለሱ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ናሙናው ላይ የሌለውን ርዕስ ጭራሽ ላያመጣልሽም ይችላል። ሜርጅ የተደረገ፣ ማለት ከጎኑ ካለው ጋር አንድ የተደረገ፣ ሴልም ካለ ያስቸግርሻል። ስለዚህ ለ12ቱም ክፍል አንድ ዓይነት ባዶ ፎርም አዘጋጅተሽ በሱ ላኩልኝ ማለት ሊኖርብሽ ነው፣ ይሄ እንዲያውም ከኤክሴሉ በላይ ከባዱ ሥራ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ ምክንያቱም ሰው የለመደውን አይለቅም።

አሁን 14ቱን ኮርስ ክፈቻቸውና ስለ ፓወር ኩዌሪ የሚያወራ ምዕራፍ ያለበትን ፈልጊ። አንዱን ምዕራፍ ብቻ። ኮርሱን ከመጀመሪያ ጀምሬ በሥርዓቱ ልጨርስ አትበይ፣ እሱ ነው እስካሁን ያሰናከለሽ። አስር ደቂቃ አየሽ፣ ቪዲዮውን ዘጋሽ፣ ያየሽውን ሳታይ በራስሽ ፋይል ሞከርሽ፣ ሲጠፋብሽ ብቻ ተመለስሽ። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ተሰጣቸው፣ ገሚሶቹ ደጋግመው አነበቡ፣ ገሚሶቹ አንብበው ከዘጉ በኋላ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ዘግተው የጻፉት ናቸው የበለጡት። ቪዲዮ እየደጋገምሽ ስታዪ የገባሽ የሚመስልሽ ለዛ ነው፣ የገባሽ መምሰሉ ግን ሰኞ ቢሮ ስትገቢ አይገኝም።

ዓርብ ከሰዓትን በተመለከተ፣ ካላንደርሽ ላይ «መማሪያ» ብለሽ አትጻፊ፣ መማሪያ የሚለው ቃል ለኢሜይል ቦታ ይለቃል። «12ቱን ፋይል ፎልደር ውስጥ ማስገባትና የሦስቱን ፋይል የኮለም ርዕስ ማመሳሰል» ብለሽ ጻፊ። እና ለራስሽ አንድ ነገር ቀድመሽ ወስኚ፣ ከምሳ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ኢሜይሉን ሳልከፍት ያንን ፎልደር እከፍታለሁ፣ በይ። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ «ይሄ ሲሆን ይሄን አደርጋለሁ» ብለው ሰዓትና ቦታ የቆረጡ ሰዎች ዝም ብለው አደርጋለሁ ካሉት በላይ እንደሚፈጽሙት በብዙ ሙከራ አሳይቷል፣ እኔም በራሴ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ አለቃሽ ልምጣ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ካለው ሀብት ሁሉ ትልቁ እሳቸው ናቸው ብዬ ስለማምን። ኮርሱንና ፒዲኤፉን ስላልከፈትሽ የሚያይሽ የለም፣ ለእሳቸው ላለመደወልሽ ግን ምክንያቱ ሌላ ይመስለኛል፣ አፍረሻል። መጀመሪያ ምን ብዬ ልደውል አልሽ፣ ከዛ ስድስት ወር አለፈ፣ ከዛ አሁንማ ምን ይሉኛል አልሽ፣ ከዛ ሁለት ዓመት። ተሳሳትኩ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ነው የሚቀረው፣ የሰው እርዳታ የሚባክነው በእምቢታ ሳይሆን ሳይጠየቅ ነው።

ፍራንክ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙትን ስሚ። ሰዎችን አምስት አምስት ሰው መጠይቅ እንዲሞላላችሁ ለምኑ ብለው ላኳቸው፣ ከመሄዳቸው በፊት ስንት ሰው ብትጠይቁ ነው አምስት የሚሞላላችሁ ሲሏቸው ወደ 20 ብለው ገመቱ። ሲሄዱ ወደ 10 ሰው ጠይቀው ነው የሞላላቸው። የሰውን እሺታ በግማሽ አሳንሰን ነው የምናየው ማለት ነው። ያም የማያውቁትን ሰው ነው፣ አንቺ ደግሞ ራሳቸው ደውይልኝ ያሉሽን ሰው ነው የምትፈሪው።

ብቻ ስትደውይ «ምክር ፈልጌ ነበር» አትበያቸው። ምክር ፈልጌ ነበር ለሚል ሰው መልስ ለመስጠት አይመችም፣ ምን እንደሚሉሽ ይጨነቃሉ፣ ወሬው በደህና ነሽ ወይ ያልቃል። አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ይዘሽ ሂጂ፣ የሞከርሽውን ጨምረሽ። ለምሳሌ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። እስካሁን ስላልደወልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የወሩን ሪፖርት ከ12ቱ ክፍል ፋይል በራሱ እንዲሰበሰብ እየሞከርኩ ነው፣ የዘጠኙ ገብቶልኛል፣ ሦስቱ ክፍሎች ግን ለምን በሌላ ፎርም እንደሚልኩ አልገባኝም። ቅዳሜ ወይም እሁድ 15 ደቂቃ በስልክ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።» በቃ። ይቅርታው አንድ መስመር ይበቃዋል፣ አታብዢው፣ ሲበዛ እሳቸው አንቺን ማጽናናት ሊኖርባቸው ነው።

ለምን እሳቸውን እንደዚህ እንደምገፋፋሽ ልንገርሽ። ፓወር ኩዌሪን የሚያስተምር ቪዲዮ ሞልቷል። አንዳንድ ክፍሎች ለምን በሌላ ፎርም እንደሚልኩ፣ የትኛው ኃላፊ ፎርሙ ይቀየር ሲባል እንደሚቆጣ፣ ማንን ቀድመሽ ብታናግሪ እንደሚቀልሽ ግን የትም ኮርስ ላይ የለም፣ የሚያውቁት እሳቸውና እሳቸውን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ይሄ ሁሉ አብሯቸው ሄዷል፣ ካልተጠየቁ ደግሞ እየረሱት ይሄዳሉ። ፒዲኤፍ አይረሳም፣ ሰው ይረሳል፣ ይታመማልም፣ ስለዚህ ከሁሉም በፊት እሳቸውን አስቀድሚ።

ስለ ቀሪው ብዙ አልልም። 13ቱን ኮርስ ተያቸው፣ ሁሉን መጨረስ አለብኝ ብለሽ የተሸከምሽው ነገር ራሱ ነው ያደከመሽ፣ ያለሽን ነገር ሁሉ መጠቀም አይጠበቅብሽም። ፒዲኤፎቹን አታጥፊ፣ ግን የፎልደሩን ስም ቀይሪው። «ይነበብ» ትዕዛዝ ነው፣ ኮምፒውተሩን በከፈትሽ ቁጥር 230 ሥራ አልሰራሽም ይልሻል። «ሲያስፈልግ» በይው። አንድ ነገር ስትፈልጊ እዛ ሰርች ታደርጊያለሽ፣ አለቀ።

አሮጌው ላፕቶፕ ግን አይቆይ። ይሄኛው ከተበላሸ ብለሽ ያስቀመጥሽው ነገር እዛው ቁምሳጥን ውስጥ ራሱ እየተበላሸ ነው፣ ባትሪ ባዶውን ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ይሞታል። ያንቺ የግል ፋይሎች ካሉበት ዛሬ ማታ ወደ አዲሱ አስተላልፊና ለወንድምሽ ስጪው። እሱ በዛች የተሰነጠቀች ስክሪን ላይ ዓይኑን አጥብቦ ኮድ ሲጽፍ እያየሽ ነው እኮ የምትቀኚው። ስትሰጪው ቻርጀሩን አትርሺ፣ እና ፓስወርዱን ቀድመሽ አንሺለት።

ጋሼ የመለሱልሽን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።